የጀማሪ ፓድልቦርድን በሞገድ ቦርድ መለወጥ፦ መቼ፣ ለምን፣ ለየትኛው ውሃ?

ፓድልቦርድ ሰው በላዩ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ የሚነዳው ተንሳፋፊ ሰሌዳ ነው። አሁን በምናውቀው መልኩ ከሃዋይ ደሴቶች ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የተባሉት የሃዋይ ሰርፈሮች (በሰሌዳ በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች) ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ፓድልቦርድን የሚያውቀው እንደ ሐዋሳ ባለ ሐይቅ ላይ፣ ውሃው በረጋበት ሰዓት የሚደረግ መዝናኛ አድርጎ ነው። መነሻው ግን ሞገድ ነበር።

በሐይቅ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ መቆም የለመደ ሰው ወደ ኬንያዋ ሞምባሳ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የመሄድ ዕድል ሲገጥመው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ በሞገድ ላይ ለመንሸራተት አጠር ያለና ጠበብ ያለ ቦርድ መግዛት አለብኝ ወይ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ችሎታ ሲጨምር ቦርድ ይጠር» የሚል ነው። ይህ መልስ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ቦርድ የሚመረጠው በመጀመሪያ ለሚሄድበት ውሃ ነው፤ ችሎታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ገዢ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በሐይቁ ላይ ከበፊቱ የባሰ ቀዛፊ ሊሆን ይችላል።

የሐዋሳ ሐይቅ ሞገድ የለውም ወይ?

አለው። ጠዋት ረግቶ የዋለው ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንደሚታወክ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ዓሣ አጥማጆቹም ሥራቸውን የሚያደላድሉት ይህን አይተው ነው። ሆኖም የዚህ ሞገድና የውቅያኖስ ሞገድ ባሕርይ የተለያየ ነው።

ሞገድን የሚወልደው ነፋስ ሲሆን፣ የሞገዱን መጠን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ የቆየበት ጊዜ፣ እንዲሁም ነፋሱ ያለ መሰናክል ውሃውን የገፋበት ርቀት። የሐዋሳ ሐይቅ ርዝመት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ነፋሱ ምንም ያህል ቢበረታ ሞገዱ ገና ሳያድግ ዳርቻው ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የሐይቁ ሞገድ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። በአንዱ ጫፍና በሚከተለው ጫፍ መካከል 3 ሴኮንድ የሚፈጅ ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ ይኖረዋል። በደቡባዊው ውቅያኖስ በተነሣ አውሎ ነፋስ ተወልዶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣው ሞገድ ግን በየ12 ሴኮንዱ የሚከታተል ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በሴኮንድ 19 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህ ግዙፍ ሞገድ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ ከሥር ያለው የባሕሩ መሬት ያዘገየዋል፤ የሞገዱ ርዝመት እያጠረ፣ ከፍታው እየጨመረ፣ ፊቱም እየቆመ ይመጣል። የውሃው ጥልቀት የሞገዱን ከፍታ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ጫፉ ወደ ፊት ይሰበራል። ሰርፊንግ የሚባለው ነገር በሙሉ የሚካሄደው በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ፊቱ በቂ ቁልቁለት ሲሆንና ገና ሙሉ በሙሉ ሳይሰበር። ቦርዱን የሚያንሸራትተው የምድር ስበት ነው፤ ቀዛፊው ከሞገዱ ጋር የሚመጣጠን ፍጥነት ካገኘ በኋላ በማያቋርጠው ቁልቁለት ላይ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም አብሮት ይጓዛል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አለ። ለሞገድ ፊት ተብሎ የተሠራ አጭር ቦርድ እንዲህ ያለ ፊት በሌለበት ሐይቅ ላይ ሥራ ፈት ነው።

የጀማሪው ቦርድ ሞገድ ላይ ምን ያንሰዋል?

የተለመደው የጀማሪ ቦርድ 10 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 3 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ32 እስከ 34 ኢንች ስፋት አለው። አምራቾች መጠኑን በጫማና በኢንች ስለሚጽፉ አንባቢው 1 ጫማ 30.48፣ 1 ኢንች ደግሞ 2.54 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ይህ ቦርድ የተሠራው ቆሞ እንዳይናወጥ ነው። ሞገድ ላይ የሚያስፈልገው መረጋጋት ከዚህ የተለየ መሆኑን ለመረዳት የሐዋሳን ጎዳና ማሰብ ይበቃል። ባጃጅ ሲቆምም ሲሄድም ማንም ሳይደግፈው ይቆማል፤ ነገር ግን ወደ ጎን ዘንበል ማለት ስለማይችል በፍጥነት ሲጠመዘዝ የመገልበጥ አደጋ አለው። ሞተር ብስክሌት ግን ሲቆም ካልተደገፈ ይወድቃል፤ በፍጥነት ላይ ሳለ ደግሞ ዘንበል እያለ የፈለገበት ይታጠፋል። የጀማሪው ቦርድ የመጀመሪያውን ዓይነት፣ የሞገድ ቦርድ ደግሞ ሁለተኛውን ዓይነት መረጋጋት ይዞ የተሠራ ነው። ጠባቡ ቦርድ ቆሞ ሲጠብቅ የሚያስቸግረውን ያህል፣ መንሸራተት ሲጀምር ይታዘዛል።

ሰፊው ቦርድ ሞገድ ፊት ላይ ሲደርስ ዘንበል ለማድረግ እግር ብዙ መግፋት ይኖርበታል። ጠርዙም ወፍራምና ክብ ከሆነ፣ በተለይ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሚነፋ ቦርድ ላይ፣ ውሃውን ሳይቆርጥ በላዩ ይንሸራተታል፤ ቀዛፊው መታጠፍ እየፈለገ ቦርዱ በቀጥታ ወደ ዳርቻው ይወስደዋል። የሞገድ ቦርድ ጠርዝ፣ በተለይ ወደ ጭራው ሲቀርብ፣ ቀጠን ያለና ስለታም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው ጉድለት ከአፍንጫው ነው። ለሐይቅ የተሠራ ቦርድ ሆዱ ወደ ዝርግነት ያዘነብላል፤ ዝርግ ቦርድ በረጋ ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳልና። ቁልቁል በሆነ የሞገድ ፊት ላይ ግን አፍንጫው ውሃው ውስጥ ይሰካና ቀዛፊውን ወደ ፊት ይወረውረዋል። የሞገድ ቦርድ አፍንጫው ቀና ያለ፣ አንዳንዴም ጭራው ጭምር ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ይህ ጉብጠት የሚከፈልበት ዋጋ አለው፤ ቦርዱ በረጋ ውሃ ላይ ይዘገያል፣ አቅጣጫውንም በየቅዝፊያው ይስታል። ያንኑ ቦርድ ሐይቅ ላይ ይዞ የወጣ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው።

ስንት ሊትር ይበቃል? ስፋቱስ?

በቦርድ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የሊትሩ ቁጥር ነው። ሊትሩ የሚያመለክተው የቦርዱን ጠቅላላ ይዘት ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ማንኛውም ነገር ያፈናቀለው ውሃ በሚመዝነው ልክ ወደ ላይ ይገፋል፤ 1 ሊትር ጨው አልባ ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 120 ሊትር ይዘት ያለው ቦርድ የራሱን ክብደት ጨምሮ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ጭኖ ከውሃው ወለል ጋር እኩል ይሆናል። የባሕር ውሃ በጨዉ ምክንያት 2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ በዚያው ቦርድ ላይ 3 ኪሎ ግራም ብልጫ ይሰጣል፤ ከሐዋሳ ወደ ባሕር የወረደ ሰው ጥቂት ከፍ ብሎ መቆሙ ምናብ አይደለም።

75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀዛፊ እንውሰድ። በሐይቅ ላይ የለመደው የሚነፋ ቦርድ ከ250 እስከ 300 ሊትር ይዘት ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ከክብደቱ ሦስት እጥፍ ያልፋል። ለመጀመሪያ የሞገድ ቦርድ በአሠልጣኞች ዘንድ የተለመደው ግምት የሰውነትን ክብደት ከ1.7 እስከ 2 ማባዛት ነው፤ ለዚህ ሰው ከ127 እስከ 150 ሊትር ማለት ነው። የተካኑ ተንሸራታቾች እስከ 1.3 እና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። ያው ሰው በችኮላ 90 ሊትር ቦርድ ቢገዛ፣ የሰውነቱ 75፣ የቦርዱ 8 ወይም 9፣ የመቅዘፊያውና የረጠበ ልብሱ 2 ኪሎ ግራም ሲደመር 86 ይሞላል፤ ቦርዱ ከውሃው ወለል ጋር ሊስተካከል ይቃረባል፤ ቀዛፊው ቁርጭምጭሚቱ እየራሰ ሞገድ ሲጠብቅ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ሊትሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ሁለት ቦርዶች እኩል 130 ሊትር ሆነው አንዱ አጭርና ሰፊ፣ ሌላው ረጅምና ጠባብ ሊሆን ይችላል። ወደ ጎን መናወጥን በዋነኛነት የሚወስነው ስፋቱ ነው፤ ርዝመት ሲቀነስ ከሚሰማው ይልቅ ስፋት ሲቀነስ የሚሰማው ይብሳል። ከ32 ኢንች በአንድ ጊዜ ወደ 28 መውረድ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ለብዙ ሰው ከባድ ዝላይ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በድፍረት፣ ስፋቱን በቁጠባ መቀነስ የተሻለ ይመስለኛል፤ ለምሳሌ 9 ጫማ ርዝመትና 30 ኢንች ስፋት ያለው ቦርድ ለ75 ኪሎ ግራም ሰው ምክንያታዊ መሸጋገሪያ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ 8 ጫማ ከ6 ኢንች እና ወደ 29 ኢንች የሚወርደው ፍላጎቱ ካለ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ሌላ ዋጋ አለ። ረጅም ቦርድ በጥቂት ቅዝፊያ ፍጥነት ስለሚያገኝ ሞገዱን ፊቱ ገና ሳይቆም፣ ከሩቁ ይይዘዋል። አጭሩ ቦርድ ግን ሞገዱ ሊሰበር የተቃረበበት ቦታ ድረስ ቀርቦ፣ ጊዜውን ጠብቆ መነሣትን ይጠይቃል። ቦርዱን ያሳጠረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚይዛቸው ሞገዶች ቁጥር ቢቀንስ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ቦርዱን ሳይለውጡ ሊለወጥ የሚችል ነገር አለ?

አለ፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። ከቦርዱ ሆድ ሥር ያለው ክንፍ፣ ፊን የሚባለው፣ አቅጣጫ የሚያስጠብቅ ነው። ለሐይቅ ጉዞ ከ9 እስከ 10 ኢንች የሚደርስ አንድ ትልቅ የመሐል ፊን ይመረጣል። ይህ ፊን ሞገድ ላይ ጭራውን ስለሚይዘው መታጠፍን ያስቸግራል። ቦርዱ የጎን ፊኖች መግጠሚያ ካለው፣ የመሐሉን አሳጥሮ ሁለት ትንንሽ የጎን ፊኖች መጨመር በዚያው ቦርድ ላይ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል። አጭር ፊን በሐይቁም ላይ ጥቅም አለው፤ በሣርና በዓሣ መረብ ገመድ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል።

መቅዘፊያም እንዲሁ ነው። ለረጋ ውሃ ከቀዛፊው ቁመት 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ መቅዘፊያ ይመከራል። ሞገድ ላይ ጉልበት ታጥፎ፣ ሰውነት ዝቅ ብሎ፣ በአጭርና በፈጣን ምት ስለሚቀዘፍ ከቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሚበልጠው ይመረጣል። ርዝመቱ የሚስተካከል መቅዘፊያ ያለው ሰው ይህን ያለ ምንም ወጪ ሊሞክረው ይችላል።

ሊዘለል የማይገባው የእግር ማሰሪያው ገመድ ነው። ለሐይቅ የሚሸጠው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ስልክ ሽቦ የተጠቀለለ ሲሆን፣ ሞገድ ላይ ሲለጠጥ ቦርዱን ወደ ቀዛፊው መልሶ ሊወነጭፈው ይችላል። በሞገድ ላይ ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱ ከቦርዱ የማያንስ ገመድ ያስፈልጋል። በሐይቅ ላይም ቢሆን ያለ ገመድ መውጣት ስሕተት ነው፤ የከሰዓት ነፋስ ባዶ ቦርድን ከዋናተኛ ፍጥነት በላይ ይወስደዋል። ገመዱ ደግሞ የሕይወት አድን ጃኬትን አይተካም።

ዝግጁ መሆን በምን ይታወቃል?

በረጋ ውሃ ላይ አለመውደቅ ምልክት አይደለም፤ ያንን ሰፊው ቦርድ ራሱ ይሠራዋል። አስተማማኙ መለኪያ ነፋስ ባወከው ውሃ ላይ የሚታየው ነው። ሐዋሳ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት፤ የከሰዓቱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሞገድ ለመንሸራተት ባይሆንም ሚዛንን ከውቅያኖሱ ረጅም ሞገድ ይበልጥ ይፈትናል።

በእንዲህ ያለው ውሃ ላይ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ከማቆም ይልቅ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ አድርጎ መቅዘፍ የቻለ፣ ከዚያም ሳይወድቅ እግሮቹን ማቀያየር የለመደ ሰው ዋናውን ነገር ይዟል። ቀጥሎ የሚመጣው አንድ እግርን ወደ ጭራው ወስዶ አፍንጫውን ከውሃ በማንሣት ቦርዱን ባለበት ማዞር ነው። ሞገድ ሲመጣ ፊትን ወደ ባሕር አድርጎ የጠበቀ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ዳርቻ መዞር ስላለበት፣ ይህን የማይችል ሰው ትክክለኛውን ቦርድ ቢይዝም ሞገዱ ያልፈዋል። የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ክፍል በውሃው ወለል ላይ አሳርፎ መደገፍም እዚሁ ይለመዳል፤ ሞገድ ላይ መቅዘፊያው መሪም ምርኩዝም ነው።

እነዚህን በሰፊው ቦርዱ ላይ የሚያደርግና ቦርዱ አልታጠፍ ብሎ የሚያስቸግረው ሰው ለለውጥ ደርሷል። ሚዛኑ ራሱ የሚያስቸግረው ከሆነ ግን ጠባብ ቦርድ ችግሩን ያብስበታል።

ለልምምድ ሲወጡ ሸምበቆ የበዛባቸው ጥልቀት የሌላቸው አካባቢዎች የጉማሬ መዋያ መሆናቸውን፣ በዳርቻው ውሃ ውስጥ ቆሞ መቆየትም ለቢልሃርዚያ ሊያጋልጥ እንደሚችል መርሳት አይገባም።

የሚነፋ ወይስ ጠጣር?

ለሞገድ ጠጣሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቀጭንና ስለታም ጠርዝ የሚቀረጸው በእርሱ ላይ ነው። ውስጡ ቀላል ፎም፣ ውጩ በፋይበርግላስና በኤፖክሲ ሙጫ የተለበጠ ነው። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ውሃ ወደ ፎሙ ስለሚገባ፣ ስንጥቁ እስኪደርቅና እስኪደፈን ድረስ ቦርዱ ከውሃ መውጣት አለበት። የሚነፋው ከቋጥኝ ጋር ቢጋጭ የሚችል፣ በሻንጣ የሚጓዝ፣ በወደቀበትም ሰውን ብዙ የማይጎዳ ነው፤ በትንንሽ ሞገዶች ላይ ለመማር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከደጋና ከስምጥ ሸለቆ ወደ ባሕር ለሚወርድ ሰው የሚያስፈልግ አንድ ዕውቀት አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 2.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ያንሳል። የቦርድ መንፊያ የሚያሳየው ቁጥር በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሐዋሳ ላይ 15 ፒኤስአይ የተነፋ ቦርድ ሳይተነፍስ ባሕር ዳርቻ ቢደርስ 12 ገደማ ብቻ ያሳያል፤ ለስልሶም መሐሉ ላይ ይጎብጣል። በተቃራኒው በባሕር ዳርቻ ተነፍቶ ወደ ላይ የሚመጣው፣ የቀትር ፀሐይ ተጨምሮበት፣ ከተፈቀደለት በላይ ሊወጠር ይችላል። በብዙ ጠጣር ቦርዶች ላይ የምትታየው ትንሿ ቡሎንም ለዚሁ ናት፤ ፎሙ ውስጥ ያለው አየር እንዲተነፍስ በበረራና በከፍታ ለውጥ ጊዜ ትከፈታለች፣ ውሃ ላይ ከመውጣት በፊት ደግሞ መጠበቅ አለባት። አንዳንዶቹ ቦርዶች አየር ብቻ የሚያሳልፍ መተንፈሻ ስላላቸው መክፈትና መዝጋት አያስፈልጋቸውም።

ሐዋሳ ላይ ብቻ ለሚቀዝፍ ሰው ቀጣዩ ቦርድ የትኛው ነው?

ብዙዎችን የሚያስገርመው መልስ፣ የሚረዝመው ነው የሚለው ነው። 12 ጫማ ከ6 ኢንች ርዝመትና ከ28 እስከ 30 ኢንች ስፋት ያለው፣ አፍንጫው ሹል የሆነ የጉዞ ቦርድ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ በተመሳሳይ ጉልበት ከጀማሪው ቦርድ በተሻለ ፍጥነት ሩቅ ያደርሳል። የከሰዓቱ ነፋስ ከኋላ ሲገፋ እንዲህ ያለ ረጅም ቦርድ የሐይቁን ትንንሽ ሞገዶች ለአፍታ እየያዘ መንሸራተት ይችላል፤ አጭሩ ቦርድ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ፍጥነት በቅዝፊያ ብቻ አያገኝም። ሆኖም ነፋስን ተከትሎ የሄደ ሰው በነፋስ ላይ መመለስ ስለሚኖርበት፣ የመመለሻውን ጉልበት ሳያሰላ መውጣት የለበትም።

ባሕር ለማየት በዓመት አንድ ጊዜ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሞገድ ቦርዱን እዚያው ቢከራይ ይበጀዋል። 9 ጫማ ቦርድ በአውሮፕላን ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ወጪና ጭንቀት ነው፤ ተከራይ ግን ሁለት ሦስት መጠኖችን ሞክሮ የሚስማማውን ሊለይ ይችላል።

የትና በምን ወቅት?

የኬንያ ዳርቻ አብዛኛው ክፍል በኮራል ቋጥኝ የታጠረ ነው፤ ትልቁ ሞገድ የሚሰበረው ከቋጥኙ ውጭ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ያለው ውሃ ለጀማሪ የተረጋጋ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ግን ቋጥኙ ስለሚቀርብ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መውጣት ለጉዳት ይዳርጋል። ደርባን ላይ ሞገዱ የሚሰበረው በአሸዋ ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ሞገዶች በብዛት የሚመጡት ሐዋሳ ክረምት ላይ ባለችበት ወቅት፣ ከደቡብ በሚነሡ አውሎ ነፋሶች ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከዚያ ወቅት ይልቅ የተረጋጋውን ጊዜ፣ ከወገብ የማይበልጥ ሞገድና አሸዋማ ወለል ቢመርጥ ይሻለዋል።

በባሕሩ ላይ የቆየ ደንብ አለ። ሞገዱ መጀመሪያ ከሚሰበርበት ቦታ ይበልጥ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው፤ በአንድ ሞገድ ላይ ሌላ ሰው ከተነሣ በኋላ ከፊቱ መግባት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ሞገዱን ከሩቅ ስለሚያይና በመቅዘፊያ ቀድሞ ስለሚይዘው ሁሉንም ሞገድ ለራሱ የመውሰድ ዕድል አለው፤ ፓድልቦርድ ያዦች በቦርዳቸው ላይ ተኝተው በእጃቸው እየቀዘፉ ሞገድ በሚይዙ ተንሸራታቾች ዘንድ የሚጠሉትም በዚህ ነው። ቦርዱ ከባድ በመሆኑ ሲለቀቅ ከኋላ ያለውን ሰው ሊመታ ስለሚችል፣ ጀማሪው ሰው ከተሰበሰበበት ራቅ ብሎ ይጀምራል። ሲወድቅ ጥልቀቱን ስለማያውቅ በጭንቅላቱ ሳይሆን በጀርባው ወይም በጎኑ ተዘርግቶ፣ ከቦርዱም ወደ ባሕሩ በኩል ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ ከውሃው ሲወጣም አንድ ክንዱን ከፊቱ ያስቀድማል፣ ቦርዱ ከላዩ ሊሆን ይችላልና።